በአጸደ ሕፃናቱ የሠራተኞች ቀን ዋዜማ

የሠራተኞች ቀን ሲመጣ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ አልነበርኩም። አብዛኛውን ዕድሜዬን በድንጋይ ካባ ውስጥ መሮና መዶሻ ይዤ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የአምቦ ድንጋይ እየተባለ አዲስ አበባ ድረስ በየሕንፃው የተለጠፈው ቀይና ቢጫ ድንጋይ እንደ እኔ ባለ ሰው እጅ የተጠረበ ነው። የምንከፈለው በጠረብነው ልክ ስለነበር፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ሥራ ሲዘጋ ለእኛ የሚዘጋው ጉሮሯችን ነበር። የሚያርፉት ወንበር ላይ የሚውሉት ናቸው። ከወንበር ተነስቶ ማረፍ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በደርግ ጊዜ፣ በአንዱ ዓመት፣ በዓሉን አክብሩ ተብለን ከካባው በገልባጭ መኪና ተጭነን አምቦ አስፋልት ላይ ተራገፍን። እንደ ጠጠር ነው ያራገፉን። አንዱ አስተባባሪ ነኝ ባይ እንጨት ላይ የተቸነከረ ጽሑፍ አምጥቶ አስያዘኝና «ከፍ አድርገው!» አለኝ። ከፍ አደረግኩት። ፊደል አላውቅም ነበር። ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ምን እንደሚል የማላውቀውን ነገር ተሸክሜ ዞርኩ። እስከ ዛሬም ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ያን ዕለት የጠረብኩት ድንጋይ ስለሌለ ማታ ቤት የገባሁት ባዶ እጄን ነው። በዓሉን የማውቀው በዚህ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ፣ ሠላሳዎቹን ዓመታት ካገባደድኩ ወዲያ፣ በቀበሌ አዳራሽ የማታ ትምህርት ነው። ያስተማረችኝ የልጄ እኩያ የሆነች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ጠመኔው ጣቴ መሀል እየተሰበረ አስቸገራት። መዶሻ የለመደ እጅ ጠመኔ ሲይዝ አንቆ ነው የሚይዘው። «ቀስ፣ ጋሼ፣ እንደ ጫጩት ያዙት» ትለኝ ነበር። እንደ ጫጩት ይዤ ተማርኩ። ይህን ሁሉ የማወራው ለአስተማሪ ያለኝ አክብሮት ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው። ሌላ ብዙ የማከብረው ነገር የለኝም።

ዋናው ታሪኬ ግን በኋላ የሆነ ነው፤ ባጃጅ ከተማችን ውስጥ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ። የድንጋይ አቧራ ደረቴን ስለጎዳው ካባውን ትቼ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ የግል አጸደ ሕፃናት ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቀን በሩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ልጆች አስፋልት እንዳይወጡ እጠብቃለሁ። ቦታው ጸጥ ያለ አይደለም። ስድሳ ያህል ሕፃን ባንድ ላይ ሲጮህ ከካባው መዶሻ አይተናነስም።

እዚያ ነው አስተማሪዋን ያገኘኋት። ከሐሮ ወንጪ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ ወጣት ናት። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል፣ እኔም ቲቸር እላታለሁ። በሙከራ ነበር የተቀጠረችው። የትምህርት ቤቱ ባለቤትና ዳይሬክተር አንድ ሰው ነው፤ በሥራው ጎበዝ፣ በእጁ ግን ቋጠሮ። ሙከራውን ሁለት ጊዜ አራዝሞባታል። በሙከራ ያለ አስተማሪ የሚከፈለው ባስተማረበት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ቁጥር ለእሱ ትርፍ ነው። ታናሽ እህቷ አብራት በኪራይ ክፍል እየኖረች አምቦ ትማራለች። ቲቸር ከሥራ ከወጣች ሁለቱም ወደ ወንጪ ተመላሽ ናቸው፤ እህትየዋም ለጎብኚ ፈረስ ጎታች ትሆናለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ በር ላይ ቆማ፣ ሳታለቅስ። ሳታለቅስ ስለነገረችኝ ነው በልቤ የያዝኩት።

በዚያ ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሩ ጠርቶ እንዲህ አላት፤ «በሠራተኞች ቀን ዋዜማ እንግዶች ይመጣሉ፤ አንድ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ከወላጅ ኮሚቴ። ስለ በዓሉ ልጆቹን አስተምረሽ እንግዶቹ ፊት አቅርቢ። ቋሚ መሆንሽን ያን ቀን እናየዋለን።»

ለአምስት ዓመት ሕፃን የሠራተኞችን ቀን አስረዳ! እኔ በስንት ዓመቴ ያልገባኝን!

በመጀመሪያው ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሰማኋት። ልጆቹ ግማሾቹ በኦሮምኛ፣ ግማሾቹ በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ አብዛኞቹ ደግሞ ባንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም። እሷም እንዲሁ ታገላብጠዋለች።

«ሚያዝያ ሃያ ሦስት በዓል አለ። የማን በዓል ነው?»

«የጊዮርጊስ!» አሉ የኦርቶዶክስ ልጆች ተሽቀዳድመው። እውነታቸውን ነው፤ ቀኑ የጊዮርጊስ ዓመታዊ ክብረ በዓልም ነው።

«እኛ ጊዮርጊስን አናከብርም» አለ የጴንጤ ልጅ። «እማዬ ‹ያን ቀን ልብስ እናጥባለን› ብላለች።»

«ሁላችሁም ልክ ናችሁ» አለች ቲቸር። «ግን በዚያው ቀን ሌላ በዓልም አለ። የሠራተኞች በዓል ይባላል።»

«ታቦት አለው?»

«ታቦት የለውም።»

«ፈረስስ?»

«ፈረስም የለውም።»

«ምን ይታረዳል?»

«ምንም አይታረድም።»

የአንድ ባጃጅ ነጂ ልጅ፣ ጠጉሯ በአራት የተጎነጎነ፣ አፏ የማያርፍ ሕፃን፣ «ታዲያ ምኑ ነው በዓል?» አለች።

ውጭ ሆኜ ሳቄ ሳል እስኪሆን ድረስ ሳቅኩ። እኔ ስንት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ጥያቄ በአንድ ቃል አወጣችው።

በማግስቱ ቲቸር በሌላ በኩል ሞከረች። ሠራተኞች የሚያርፉበት ቀን ነው አለቻቸው። «አባዬ አያርፍም» አለች የባጃጅ ነጂው ልጅ፤ «የጊዮርጊስ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ስለሚበዛ በጧት ነው የሚወጣው።» እናቱ ነርስ የሆነች አንድ ልጅ ደግሞ «እማዬ ተረኛ ናት፤ በሽተኛ በዓል የለውም ትላለች» አለ። አንዷ ላማቸውም በበዓል እንደምትታለብ አስረዳች። ቲቸር ጠመኔዋን አስቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ታሪክ ልትነግራቸው ሞከረች። ድሮ፣ በሩቅ አገር፣ ሠራተኞች ከጨለማ እስከ ጨለማ ይሠሩ እንደነበር፣ ደክሟቸው «ይብቃን» እንዳሉ።

«ለምን አይተኙም?»

«አሠሪያቸው አልፈቀደላቸውም።»

«ለእናታቸው አይናገሩም?»

ለእናታቸው! እኔ አልሳቅኩም በዚህኛው።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲወጡ በሩ ጋ መጣችና፣ «ጋሼ» አለችኝ፤ «አልቻልኩም።»

«ድሮስ ማን ቻለ? ውሸት ነው እኮ። ሕፃን ውሸት አይገባውም።»

«እርስዎ ካባ ሠርተዋል። ያን ቀን መሮና መዶሻዎን ይዘው ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው ድንጋይ ቢጠርቡላቸውስ? ሥራ ምን እንደሆነ በዓይናቸው ያዩ ነበር።»

ተናደድኩ። «ጦጣ አይደለሁም እኔ! ልጆች ይዩኝ ብዬ ድንጋይ አልመታም። ድንጋይ የሚመታው ለግድግዳ ነው፣ ለደረጃ ነው፣ ለመቃብር ነው። ለታይታ የሚመታው ጅል ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይለማመጠኛል፣ ወይ ይቀየመኛል። እሷ ትንሽ አሰበችና፣ «ሥራ ካለስ?» አለችኝ።

«ሥራ ካለማ ሥራ ነው።»

ዞር ብላ የክፍሏን በር አሳየችኝ። ደረጃው ስሚንቶው ተፈርፍሮ አልቆ ልጆቹ እየዘለሉ ነበር የሚወርዱት፤ በየሳምንቱ አንዱ ጉልበቱ ይላጣል። ዳይሬክተሩን ስትነግረው ከርማለች። ያን ዕለት ሄዳ ጠራቢው እዚሁ ግቢ ውስጥ እንዳለና ድንጋይ ብቻ ቢመጣ እንደሚበቃ ነገረችው። የእጅ ዋጋ የለም ሲባል ድንጋዩ በማግስቱ መጣ።

ያኔ ነው ማየት የጀመርኩት። ልጅቷ ልመና አታውቅም፤ መንገድ ነው የምትፈልገው።

ድንጋዩን ሳገላብጥ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለ አባቷ አወራችኝ። አባቷ ወንጪ ሐይቅ ላይ ጀልባ ቀዛፊ ነው፤ ሰው ወደ ደሴቱ ያሻግራል። «ልጅ ሆኜ ጀልባው ላይ አብሬው ስሆን፣ ሌላ ጀልባ ባጠገባችን ሲያልፍ ዝም ካልኩ ይቆጣኝ ነበር። ‹እየቀዘፈ ያለ ሰው አይተሽ ሳታበረቺው ታልፊያለሽ? መቅዘፍ ባትችይ አፍ የለሽም?› ይለኝ ነበር።»

ይህን ማን ያጣዋል? በእኛ አገር የሚያርስ፣ የሚያጭድ፣ ግንብ የሚገነባ ሰው አጠገብ ስታልፍ «ያበርታችሁ» ሳትል አታልፍም። በኦሮምኛም «ጀባዻ» ነው የምንለው። የሚሠራው ቀና ሳይል «አሜን» ይላል። ዘመዴም ይሁን ጠላቴ፣ እየሠራ ካገኘሁት እላለሁ። ከልማድ ብዛት ማለታችንን እንኳ አናውቀውም።

«በዓሉ እሱ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «አገር በሙሉ ቆም ብሎ ሠራተኛን ያበርታችሁ የሚልበት ቀን ነው። እንደዚያ ብላቸው ይገባቸዋል።»

«አገሩ አይልም» አልኳት።

«ልጆቹ ይላሉ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹን በገመድ አስይዛ፣ እንደ ዶቃ አሰልፋ፣ በመንደሩ ታዞራቸው ጀመር። የሊስትሮው ሳጥን አጠገብ፣ የብየዳ ቤቱ ደጅ፣ ጋሪ የሚጭኑት ሰዎች ጋ። ሕጉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ እዩ፤ እየሠራ ከሆነ ያበርታችሁ በሉ፤ ካልሆነ ሰላምታ ብቻ ሰጥታችሁ እለፉ። በመጀመሪያው ቀን ሰዉ ግራ ተጋባ። በያጁ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ «ምን አሉ?» አለ። በሁለተኛው ቀን ግን ገና ከሩቅ ሲያያቸው «አሜን! አሜን! ተባረኩ!» ማለት ጀመረ። ጋሪ ጫኞቹ ጆንያውን ትከሻቸው ላይ እንዳለ አቁመው ሲጠብቋቸው አየሁ። ጆንያ ትከሻ ላይ ይዞ መቆም ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ግን በጠጅ ቤቱ በኩል አለፉ። በረንዳው ላይ በጧት ብርሌ የያዙ ሦስት አራት ሰዎች ነበሩ። ልጆቹ ቆመው ተመለከቷቸው።

«ቲቸር፣ እነዚህ እየሠሩ ነው?»

«አይደለም። ‹እንደምን አደራችሁ› በሉና እለፉ።»

አንደኛው ጠጪ ሰማ። «ኧረ እኛንም አበርቱን! ምን በደልን?»

የባጃጅ ነጂው ልጅ ገመዱን ሳትለቅ ዞር አለችና፣ «አንተ ሥራ ስትይዝ እንመጣለን!» አለችው።

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ራሱ ነው አብልጦ የሳቀው። ወሬው ግን በአንድ ቀን ዳይሬክተሩ ጆሮ ገባ። ቲቸርን በር ላይ፣ እኔ ፊት፣ «ልጆቹን ስድ እያደረግሻቸው ነው» አላት። «እንግዶቹ ፊት አንዲት እንዲህ ያለች ነገር ብሰማ፣ የሙከራውን ነገር እርሺው። ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ፣ ኦቦ» አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። እንግዶቹ እስኪመጡ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር፤ ያን ሁለት ቀን ልጆቹን አላስወጣቻቸውም።

ዋዜማው ደረሰ። ዳይሬክተሩ ግቢው ውስጥ ካለው ዝግባ ሥር ወንበር ደረደረ፣ ሻይና ዳቦ አስመጣ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት ሸበቶ ጠና ያሉ ሰውዬ ናቸው፤ የወላጅ ኮሚቴዋ ደግሞ ነርሷ፣ ከሌሊት ተራ በቀጥታ የመጣች፣ ዓይኗ የቀላ። እኔ ከክፍሉ በር ፊት ለፊት ድንጋዬን ደልድዬ መጥረብ ጀምሬያለሁ። ለታይታ አልነበረም፤ ደረጃው ያን ዕለት ማለቅ ነበረበት።

ቲቸር ልጆቹን አስወጣቻቸው። ስለ ሩቅ አገር አላወራችም፣ መዝሙርም አላዘመረችም። «ነገ የሠራተኞች ቀን ነው። ምን እናደርጋለን?» አለች። «እናያለን!» አሉ። «ከዚያስ?» «እናበረታለን!» በገመዳቸው ተሰልፈው ወደ እኔ መጡ። ከበቡኝ። መሮው ከድንጋዩ ላይ ፍንጥርጣሪ ሲያስነሳ እየሸሹ፣ እየተመለሱ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው አዩኝ። ከዚያ ባንድ ድምፅ፣

«አባባ፣ ያበርታዎት!» አሉ። ከኋላ ያሉት ደግሞ «ጀባዻ!»

ካባ እያለሁ መኪና ይዘው የሚመጡት ሰዎች ሲያገኙን የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ስንት ደረሰ?» ያበርታችሁ የሚለን በመንገድ የሚያልፈው ገበሬ፣ ውሃ የተሸከመችው ሴት ብቻ ናቸው፤ እንደኛው የሚለፉት። አለቃ ነኝ ካለ ሰው አፍ፣ ቢሮ ካለበት ግቢ፣ በተሰለፈ ሰው፣ ተብሎልኝ አያውቅም። ሰልፍ የማውቀው እኔን ጭነው ሲወስዱኝ ነው። አሁን ሰልፉ ወደ እኔ መጣ። አሜን ልል አፌን ስከፍት አቧራው ገባና ሳልኩ። ልጆቹ ሳሌ እስኪያልፍ ጠበቁኝ። ከዚያ «አሜን» አልኳቸው። የማያምርብኝን ነገር እዚህ አልጽፍም፤ ብቻ መዶሻውን ለትንሽ ጊዜ አላነሳሁትም።

ቀጥለው ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ሄዱ። «ያበርታሽ!» አሏት። «አሜን፣ አሜን፤ የወለወልኩትን አትርገጡብኝ እንጂ!» አለቻቸው። እንግዶቹ ሳቁ። ዳይሬክተሩም ሳቀ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ሁሉም ሰላም ነበር።

ግን ገመዱ ዞሮ እንግዶቹ ፊት ደረሰ። ልጆቹ ቆሙ። እንደተማሩት መጀመሪያ አዩ።

«ተቀምጠዋል» አለ አንዱ።

«ሻይ እየጠጡ ነው።»

«ሻይ መጠጣት ሥራ ነው?» አለች የባጃጅ ነጂው ልጅ፤ ለመሳደብ አይደለም፣ በእውነት ለማወቅ።

መዶሻዬ አየር ላይ ቀረ። ዳይሬክተሩ ስኒውን አስቀመጠና ቲቸርን ብቻ አያት። ያ አስተያየት ምን እንደሚል ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ቃል ብትናገር፣ «ልጆች፣ እንግዶቻችንን ያበርታችሁ በሉ» ብትል፣ ሁሉም እንደ በቀቀን ይሉት ነበር። እሷም ትድናለች። እኔ ብሆን እለው ነበር። እውነቴን ነው፤ አፌ ሁልጊዜ መራራ ነው እንጂ፣ እንጀራ ላይ ሲመጣ እኔም አቀርቅሬ ነው የኖርኩት።

እሷ ግን ሕጓን አልሻረችም። ወደ ልጆቹ ጎንበስ ብላ፣ «አላወቃችሁም?» አለቻቸው። «እንግዲያው ጠይቋቸው። ሥራ ያለው ሰው ሁልጊዜ እየሠራ አይታይም። ‹ሥራዎ ምንድን ነው?› ብላችሁ በጨዋ ደንብ ጠይቁ።»

መጀመሪያ ነርሷን ጠየቋት። «እኔ መርፌ እወጋለሁ» አለች። ሰልፉ በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ነርሷ በዚያ በደከመ ፊቷ ከት ብላ ሳቀች። «የታመመ ልጅ ሌሊት እንዳይብስበት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ትናንትም ሳልተኛ ነው ያደርኩት።» ልጆቹ ተያዩ። ከሸሹበት ሳይጠጉ፣ ከሩቅ፣ «ያበርታሽ!» አሏት። የገዛ ልጇ ግን ገመዱን ለቆ ሄዶ ጉልበቷን አቀፈ።

ቀጥሎ ሸበቶው ሰውዬ ነበሩ። «እኔ እንግዲህ ክትትልና ድጋፍ…» ብለው ጀመሩና የልጆቹን ፊት አይተው ተዉት። ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጎንበስ አሉ። «ድሮ እንደ ቲቸራችሁ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከጊንጪ ወዲያ ገጠር ውስጥ፣ ዛፍ ሥር። አሁን ደግሞ አስተማሪዎች ደመወዛቸው በጊዜው እንዲደርሳቸው ወረቀት እየያዝኩ ከቢሮ ቢሮ እሮጣለሁ። ተቀምጬ ነው ያያችሁኝ እንጂ ብዙ እሮጣለሁ።»

«ያበርታዎት!» አሉ ልጆቹ። ሰውዬው «አሜን» ሲሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነበር። ይኼን ሰው አላማውም። ቢሮ ካለው ሰው መሀል እንዲህ ያለ ስንት አለ? ያገኘሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

የባጃጅ ነጂው ልጅ ግን አልጨረሰችም። «ለእኛ ቲቸርም ደመወዝ እርስዎ ነዎት የሚያደርሱላት?»

«አይ፣ እኔ ለመንግሥት አስተማሪዎች ነው።»

«ለእሷስ?»

ሁሉም፣ ሸበቶውም ነርሷም፣ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ» አለ። «ለአስተማሪዎቹ የምከፍለው እኔ ነኝ። ግቢውንም የምጠብቀው፣ ዳቦውንም የምገዛው…»

ቀሪውን አልሰሙትም። ለቲቸር የሚከፍል ሰው! ከሁሉ ይልቅ እሱን ነው በጩኸት ያበረቱት፤ «ያበርታዎት! ጀባዻ!» እያሉ ገመዱን እስኪያንቀጠቅጡት ድረስ። ዳይሬክተሩ ቀላ። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ነገር የገጠመው አይመስለኝም። «አሜን» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ የሆነበት ይመስል።

«ሙከራ ላይ ናት ወይስ ቋሚ?» አሉት ሸበቶው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቲቸርን ቢሮ ጠራት። የቢሮው መስኮት ክፍት ነው፤ እኔም ደረጃውን እያስተካከልኩ ስለሆነ ጆሮዬን የሚዘጋልኝ የለም።

«አስደነገጥሽኝ» አላት።

«እኔም ደንግጫለሁ፣ ኦቦ።»

«ትቀጥያለሽ። ከግንቦት ጀምሮ ቋሚ ነሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ስሞ ይወጣ ነበር። እሷ ግን አልወጣችም፤ ያን ጸጥ ያለ ድምጿን ሰማሁት፤ «ከዛሬ ይሁንልኝ።»

«ሳምንት እኮ ነው ልዩነቱ! ምን ያደርግልሻል?»

«ነገ በዓል ነው። በሙከራ ያለ ሰው በዓል ሲሆን አይከፈለውም። ልጆቹን ለአንድ ወር ስለዚህ ቀን ሳስተምር ከርሜ ነገ እኔ የሌለሁበት መሆን የለበትም። ሠራተኛ ሆኜ ልረፍ።»

መዶሻውን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። የሰውዬው ወንበር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ።

«እሺ» አለ። «ከዛሬ።»

ለፍቅር ብሎ አይደለም፤ ሸበቶው ሰውዬ ስለጠየቁት ነው። እኔን ማንም አያታልለኝም። ግን አለ። እኔ በካባው ስንት ዘመን ያላልኩትን ዓረፍተ ነገር አንዲት ልጅ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው፣ አለቃውም እሺ አላት። ይህን ያየሁ ሰው ነኝ።

ስትወጣ ሰማሁ አልሰማሁ አላልኩም። «ጎበዝ» አልኳት፤ ከአፌ የማይወጣ ቃል ነው። እሷም «ጋሼ፣ ነገ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። «ጥበቃ በዓል የለውም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሄደች። በሚቀጥለው ዓመት ግን ስለ ጥበቃዎቹ የበዓል እረፍት ዳይሬክተሩን ስታናግረው ነበር። የጠየቀችውን አላገኘችም። መናገሯን ግን አልተወችም።

ሃያ ሦስት አለፈ። ጊዮርጊስም ነገሠ፤ የጴንጤዎቹም ልብስ ታጠበ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ አዲሱን ደረጃ እየረገጡ ገብተው ቲቸርን ከበቧት።

«ቲቸር፣ በሠራተኞች ቀን ምን ሠራሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ምንም?»

«ምንም ምንም። ተኛሁ። ስነሳ ረፍዶ ነበር። እህቴ ሻይ አፈላችልኝ፣ ጠጣሁ፣ እንደገና ተኛሁ።»

ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። ትልቅ ሰው፣ አስተማሪ፣ በጠራራ ፀሐይ እንደገና ተኛች! የባጃጅ ነጂው ልጅ ራሷን ነቀነቀችና፣ «አሁን በዓል ሆነ» አለች። ከዚያ ሁሉም እየተንጫጩ ወደ ክፍል ገቡ፤ እኔም በሩን ዘጋሁ።